የውጭ አልጋ፥ የቤት ቀጋ

ከመጥፎ ጠባዮች ሁሉ ግብዝነትን ለይተን እንድንመረምረው የሚያስገድደን ምክንያት አለ። ሌባ ሌባ መሆኑን ያውቃል፤ የተያዘ ዕለትም ያፍራል። ግብዝ ግን ክፉውን ሥራ የሚሠራው በደግ ሥራ ስም ስለ ሆነ የሚያየው ሰው ያመሰግነዋል፤ እሱም ምስጋናውን ሲሰማ ውሎ አድሮ እውነት ይመስለዋል። ስለዚህ ግብዝነት ከሌላው ጥፋት ይልቅ ለመታረም ያስቸግራል። የበደለ ሰው ንስሓ ሊገባ ይችላል፤ በበደሉ የተመሰገነ ሰው ግን ስለ ምን ብሎ ይጸጸታል?

የአገራችን ሰው ይህን ጠባይ በአጭር ቃል «የውጭ አልጋ፥ የቤት ቀጋ» ብሎ ገልጾታል። በውጭ ለሚያገኘው ሰው እንደ አልጋ የሚመች፥ በቤቱ ላሉት ግን እንደ ቀጋ እሾህ የሚዋጋ ማለት ነው። እንግዳን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነውና ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን አልጋውን ለእንግዳ ለቅቆ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው የሚመሰገነው የለቀቀው የራሱን አልጋ ስለ ሆነ ነው። የልጆቹን ራት ነጥቆ እንግዳ የሚጋብዝ፥ ከዚያም ደጅ ወጥቶ «እኔን የመሰለ ቸር ማን አለ?» የሚል አባወራ ቢኖር፥ እንግዳው ያመሰግነው እንደ ሆነ እንጂ ልጆቹ አያመሰግኑትም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት ጉዳይ ይኸው ነው። የምናገረው ግን ስለ አንድ አባወራ ሳይሆን ስለ መንግሥት፥ ይልቁንም መንግሥት በአገር ጎብኚ ስም ስለሚያወጣው ገንዘብና ስለሚናገረው ቃል ነው።

ለዚህ ምርመራ ሐረርን፥ ከሐረርም ሸዋ በርን መርጫለሁ። ሐረር በ16ኛው ምእተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በታነጸው በጀጎል ግንብ የታጠረች፥ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሏት ከተማ ናት። ከአምስቱ አንዱን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፤ መንገዱ ወደ ሸዋ የሚወስድ ስለ ሆነ በአማርኛ ሸዋ በር ተባለ። በዚህ በር ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው የአገራችንን ኑሮ በትንሹ ያያል። በውጭ በኩል ገበያው ይተራመሳል፤ ከገጠር የመጡ እናቶች አትክልታቸውንና ማገዷቸውን ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ባጃጁ ይጮኻል። በውስጥ በኩል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ቀጫጭን መንገዶች፥ 82 መስጊዶች፥ 102 የአውልያ ስፍራዎች፥ እንዲሁም ከግንቡ በስተኋላ ቤተ ሰብ የሚኖርባቸው የጥንት ቤቶች አሉ።

ይህች ከተማ ከዓለም ዘንድ ብዙ ክብር አግኝታለች። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2002–2003ን የሰላም ከተሞች ሽልማት ሰጣት። በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገባት። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሐረሪዎች የሸዋል ዒድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ ተመዘገበ። እነዚህ ክብሮች በተሰጡ ጊዜ ሁሉ ባለ ሥልጣኖች ንግግር አድርገዋል፤ ሐረርም «የቱሪዝም መዳረሻ» ትሆናለች ተብሏል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ንግግሩ የዘነጋው አንድ ነገር አለ።

የአክሱም ሐውልት ውሃ አይጠማውም። የፋሲል ግንብ መጸዳጃ ቤት አይፈልግም። የጀጎል ቅርስ ግን ሰው የሚኖርበት ቅርስ ነውና ይጠማዋል፥ ይራበዋል፥ ይታመማል። ቤቱን ቤት ያደረገው በውስጡ ያለው ቤተ ሰብ ነው፤ መደቡን በቀይ ቀለም የምትቀባው፥ ስፌቱን በግድግዳው ላይ የምትሰቅለው የቤቱ እመቤት ናት። ያ ቤተ ሰብ ኑሮ ከብዶት ለቅቆ ቢወጣ የሚቀረው ድንጋይና ጭቃ ነው። እንግዲህ በጀጎል ውስጥ የውሃ ቧንቧ መዘርጋት፥ የፍሳሽ መውረጃ መሥራት፥ የሚያፈስ ጣራ መጠገን ቅርስ ከመጠበቅ የተለየ ሥራ አይደለም፤ ቅርስ መጠበቅ ማለት ራሱ ነው።

የሐረር የውሃ ነገር ግን የሚያሳዝን ታሪክ አለው። ከተማዪቱ ለብዙ ዘመን ውሃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተመንጥሮ ደለል ስለ ሞላበት፥ ለጫትና ለአትክልት መስኖ እንዲሁም ለከተሞች መጠጥ ያለ ልክ ስለ ተቀዳ፥ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በቅርብ ዓመታት በከፊል መመለሱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ አንድ ሐይቅ ባለ ሥልጣን ሁሉ እያየው መድረቁ የሚረሳ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለሐረር የሚሆን ውሃ ድሬዳዋ አጠገብ ካሉ ጉድጓዶች ብዙ ዐሥር ኪሎ ሜትር ተስቦ መምጣት ግድ ሆነ። ድሬዳዋ ቆላ፥ ሐረር ደጋ ናትና፥ ውሃው ከ600 ሜትር በላይ በኤሌክትሪክ ኀይል እየተገፋ ተራራ መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ውሃ ይጠፋል፤ በመስመሩ ላይ ጠብ ሲነሣም ይጠፋል። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ጠብ ተነሥቶ የሐረር ሕዝብ ለሳምንታት ያለ ውሃ መቀመጡ የሚታወስ ነው። የዓለም ቅርስ የተባለች ከተማ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ከዓለም ቅርስነት ምስክር ወረቀቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱን ምክንያት ልንገራችሁ። ቧንቧ ከመሬት በታች ይቀበራል፤ ፎቶግራፍ አያምርም። የፓምፕ ጥገና ሪባን አይቆረጥለትም። የመንገድ ዳር መብራት፥ የሚረጭ ፏፏቴ፥ የተቀባ ግድግዳ ግን በአንድ ሌሊት ይታያል፤ የሠራውም ሹም በማግስቱ ይመሰገናል። እኔ ስሙን በማልጠራው በአንድ ከተማ፥ ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ሰሞን፥ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያሉትን የድኾች ጎጆዎች ለመሸፈን ረዥም የቆርቆሮ አጥር ታጥሮ፥ አጥሩም አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አይቻለሁ። ለቆርቆሮው የወጣው ገንዘብ ከበስተኋላው ያሉትን ጎጆዎች ጣራ ሊያለብስ ይችል ነበር። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ፤ አጥሩ ቀረ። የጎጆዎቹ ነዋሪዎች ከአጥሩ ያገኙት ነገር ቢኖር ፀሐይ የሚከልል ጥላ ብቻ ነው።

በእርግጥ ለእንግዳ ማሳመር ሁሉ ግብዝነት ነው አልልም። በሐረር «የሬምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኝ ያማረ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ሬምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር መጥቶ በንግድ ሥራ መኖሩ እውነት ነው፤ ቤቱን ግን እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ እንዳሠራው ይነገራል። ይህች ትንሽ ማሳመሪያ ማንንም አልጎዳችም፤ ቤቱም የጥንት የሐረር ፎቶግራፎች የሚታዩበት ጥሩ ስፍራ ሆኗል። ነገሩ ግብዝነት የሚሆነው ለእንግዳው የሚታየው መልክ ባለቤቱ ከሚኖረው ኑሮ ጋር ሲጣላ፥ ይልቁንም ለመልኩ ሲባል ኑሮው ሲሸሸግ ወይም ሲነጠቅ ነው።

ይህ በሽታ ዛሬ የጀመረ አይደለም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም በ1950ዎቹ በመንግሥት ድርጅት ሲቋቋም ሥራውን የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ብልህና ትጉህ ሰው ነበሩ፤ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። ጳጉሜን ቆጥረን አሥራ ሦስት ወር ስላለን ቃሉ ውሸት የለበትም። ነገር ግን በ1965 ዓ.ም. ጎብኚዎች በአውሮፕላን ወርደው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሚያደንቁበት በወሎ ጠቅላይ ግዛት፥ በዚያው ዘመን ገበሬው በረኀብ ይረግፍ ነበር። ለጎብኚው ጌጥ የሆነው ፀሐይ ለገበሬው ድርቅ ነበረ። ረኀብ በማንኛውም አገር ሊደርስ ይችላል፤ የጊዜው መንግሥት የሚወቀሰው ስለ ድርቁ ሳይሆን፥ ስሜ ይጠፋል ብሎ ረኀቡን ለመሸሸግ ስለ ሞከረ ነው። በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት 1964 ዓ.ም. የኢራኑ ሻህ በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ መካከል የመንግሥታቸውን 2500ኛ ዓመት አክብረው ነበር። ድንኳኑና ጌጡ ከፓሪስ፥ ምግቡም ከዚያው ከታወቀ ምግብ ቤት በአውሮፕላን መጣ። ከክቡራን እንግዶች አንዱ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ጋባዡም ተጋባዡም ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ከዙፋናቸው ወረዱ። ግብዣው ብቻውን ጣላቸው ማለቴ አይደለም፤ እንግዶች የሚያጨበጭቡለት ገዥ የቤቱን ለቅሶ ለመስማት ጆሮው እንደሚደክም ለማስረዳት ነው።

አሁን የሚከተለውን ልብ በሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፥ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የወሎ ረኀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። ያሳየው ደርግ ነው፤ ፍርዱም ትክክል ነበር። ይኸው ደርግ ግን ዐሥር ዓመት ቆይቶ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛውን የአብዮት በዓል ሲያከብር፥ አዲስ አበባን በቅስትና በባንዲራ አስጊጦ የውጭ እንግዶችን ጠራ፤ በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሕዝቡ በረኀብ ያልቅ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ ስለ ረኀቡ ብዙ እንዲነገር አልተፈለገም። በማግስቱ በጥቅምት ወር ከኮረም የተነሣው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። ከሳሽ የነበረው የተከሳሹን ጥፋት ደገመ። ከዚህ የምንማረው ግብዝነት የአንድ ሥርዓት ወይም የአንድ ወገን ንብረት አለመሆኑን፥ ሥልጣን የያዘ ሁሉ የሚፈተንበት ፈተና መሆኑን ነው።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አዲስ አበባን ለማስዋብ «ገበታ ለሸገር» የተባለ ራት አዘጋጁ፤ የአንድ ሰው መቀመጫ ዋጋው አምስት ሚሊዮን ብር ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» ተባለና፥ ጎርጎራን፥ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት ሦስት ቢሊዮን ብር ለመሰብሰብ ታቀደ። ቀጥሎም «ገበታ ለትውልድ» መጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐረርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚመሰገን የለም ማለት ሐሰት ይሆናል። ለብዙ ዘመን ሰው የማይደርስበት የነበረው ታላቁ ቤተ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ መከፈቱ መልካም ነው። ጭቃ የነበረ መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍበት የሚሄድበት ሁሉ ይደሰታል። እኔ የምተቸው ሥራውን ሳይሆን ከሥራው ጋር የሚነገረውን ቃል ነው።

አንደኛው ቃል «ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት አልወጣም» የሚለው ነው። ይህ እንደ ምስጋና ይነገራል፤ ለእኔ ግን እንደ ክስ ሆኖ ይሰማኛል። በጀት ማለት የሕዝብ እንደራሴዎች አስቀድመው የሚከራከሩበት፥ ዋናው ኦዲተር በኋላ የሚመረምረው ገንዘብ ነው። ከበጀት ውጭ የተሰበሰበ ብዙ ገንዘብ ከክርክሩም ከምርመራውም ሊያመልጥ ይችላል። ደግሞስ የንግድ ፈቃድ፥ የመሬት ይዞታና የግብር ውሳኔ በእጁ ያለ መንግሥት ነጋዴውን «ስጠኝ» ሲለው፥ ነጋዴው «አልሰጥም» ለማለት ይችላልን? እምቢ ሊባል የማይችል ስጦታ ግብር ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል። ነጋዴውም የከፈለውን በዕቃው ዋጋ ላይ ቢጨምረው፥ በሸዋ በር ሳሙናና ዘይት የምትገዛው ሴት ሳትጋበዝ ራቱን ከፈለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል «ጎብኚ ይመጣል፥ አገር ይበለጽጋል» የሚለው ነው። ጎብኚ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ሰላምን ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ አክሱም የደም ከተማ ሆነች። በዓመቱ መጨረሻ ላሊበላ በተዋጊዎች እጅ ገባች፤ አስጎብኚውና ባለ ሆቴሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ጎርጎራ ላይ ያማረ ማረፊያ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ማረፊያው ባለበት በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ጥይት በሚሰማበት አገር የተሠራ ያማረ አልጋ ማን ይተኛበታል? ዕርቅ ከማረፊያ ቤት ይቀድማል። ዕርቅ ግን እንደ ቧንቧው ሁሉ ፎቶግራፍ አያምርም፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ሦስተኛው ቃል «ለሕዝቡ ነው» የሚለው ነው። በአዲስ አበባ በፒያሳና በሌሎች ሠፈሮች ብዙ ነዋሪዎች ከኖሩበት ቤት ተነሥተዋል። ዕድርና ቡና ከሚያጣጧት ጎረቤት የተለየችው አሮጊት፥ በቀድሞ ደጃፏ ላይ የተተከለውን አበባ ለማየት የታክሲ ሒሳብ ከፍላ የምትመጣ ከሆነ፥ «ለሕዝቡ» የሚለው ቃል እሷን ያጠቃልላል ወይስ አያጠቃልልም?

አንዳንድ ሰው ግን «ድኻ አገር የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፤ አስቀድሞ ካልተጌጠ ጎብኚ አይመጣም፤ ጎብኚ ካልመጣ ለቧንቧውም ገንዘብ አይገኝም» ብሎ ይከራከረኛል። ክርክሩ ቀላል ስላልሆነ በአክብሮት ልመልስ። ጎብኚው ሐረር ሲደርስ የሚፈልገውን እንቍጠር፤ የሚጠጣውና የሚታጠብበት ውሃ፥ ንጹሕ መንገድ፥ ቢታመም ሐኪም ቤት፥ ማታ ያለ ሥጋት የሚሄድበት ከተማ፥ የሚያናግረው የተማረ ወጣት ነው። በሸዋ በር የምትኖረው እናትስ የምትፈልገው ምንድን ነው? ይኸው ነው። እንግዲህ የእንግዳውና የባለቤቱ ፍላጎት አይጣላም። ጥሩ ወጪ ማለት ባለቤቱ ዕለት ዕለት የሚጠቀምበት፥ እንግዳውም ሲመጣ የሚካፈለው ነው። መጥፎ ወጪ ደግሞ እንግዳው እንዲያየው ብቻ የተሠራ፥ እንግዳው ሲሄድ ባለቤቱ ጥበቃውንና ዕዳውን የሚሸከምለት ነው።

ጥሩውን መንገድ ለማየት ከሐረር መውጣት አያስፈልገንም። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የከተማቸው የእጅ ጽሑፍ፥ ሳንቲም፥ ጌጥና ዜማ እንዳይጠፋ በራሳቸው ገንዘብና ድካም ለብዙ ዓመት ሰብስበው መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። በኋላም የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት የተባለውን ጥንታዊ ቤት ሰጣቸው፤ ይህም ለመንግሥቱ ምስጋና ይገባዋል። እኚህ ሰው የሰበሰቡት ለጎብኚ ብለው ሳይሆን የሐረር ልጅ አባቱን እንዲያውቅ ብለው ነው፤ ጎብኚውም ይህን ስለ ተረዳ ከሩቅ አገር ይመጣል። ለራሱ ብሎ የከበረ ነገር እንግዳን ይስባል፤ ለእንግዳ ብሎ ብቻ የተቀባ ነገር ግን እንግዳውም ቀለሙን ያውቅበታል።

ነቃፊዎችም ብንሆን ከግብዝነት ነጻ መሆናችን መመርመር አለበት። መናፈሻው በሚጠሉት ሰው ስለ ተመረቀ ብቻ የሚነቅፉት፥ በሚወዱት ሰው ቢመረቅ ኖሮ የሚያጨበጭቡለት ብዙ ናቸው። ወገን ለይቶ የሚፈርድ ሚዛን የተበላሸ ሚዛን ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ በጎብኚ ስም ገንዘብ ሲወጣ ባያችሁ ጊዜ፥ ሳትሳደቡና ሳታጨበጭቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። እንግዳው ከሄደ በኋላ በዚህ የሚጠቀም ማን ነው? ሒሳቡ የተጻፈበት መዝገብ ወዴት ነው፥ ማንስ ይመረምረዋል? ለዚህ ሲባል ከስፍራው የተነሣው ሰው ማን ነው፥ ተጠይቋልን፥ ተክሷልን? ሦስቱም መልስ ካገኙ ሥራውን አመስግኑ፥ በጉልበታችሁም አግዙ። መልስ ካጡ ግን ቀለሙ አያታልላችሁ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ተረታችን። አጥሩን እየቀቡ ባለቤቱን መናቅም ከመነቅነቅ አይተናነስም። ከእናንተ መካከል ነገ ሹም የሚሆን፥ በሸዋ በር ወይም በሌላ ከተማ በር ላይ መቀስ ተሰጥቶት ሪባን እንዲቆርጥ የሚጠራ ይኖራል። ያን ዕለት መቀሱን ከማንሣቱ በፊት፥ በአጠገቡ ወዳለው ወደ አንዱ ቤት ገብቶ የቧንቧውን እጀታ ይክፈት፤ ውሃ ከወረደ ሪባኑን ይቍረጥ።